የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅን ስለ መለወጥ

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከአባላቱ የተለየ የሕግ ሰውነት አለው። ሆኖም ውል የሚፈርምለት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚቀበልለት፣ ግብር የሚያስታውቅለትና የባንክ ሂሳቡን የሚያንቀሳቅስለት የተፈጥሮ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው በንግድ መዝገብ ስሙ የሰፈረው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲለወጥ የአባላቱ ውሳኔ የለውጡ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም እስካልተቀየረ ድረስ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ፊርማ ማኅበሩን ሊያስገድድ፣ የማኅበሩም ዕዳ የቀድሞውን ሥራ አስኪያጅ ሊያስጠይቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ለውጡ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች፣ የሚያስፈልጉትን ሰነዶችና ከምዝገባ በኋላ የሚከናወኑትን ተግባራት ያብራራል።

የሕግ ማዕቀፍ

የግል ማኅበራት በዋናነት የሚተዳደሩት በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሁለት የማያንሱና ከ50 የማይበልጡ አባላት፣ እንዲሁም ከ15,000 ብር የማያንስ ካፒታል ይኖረዋል። አዋጁ ቀድሞ ያልነበረውን፣ በአንድ ሰው ብቻ የሚመሠረተውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ፈቅዷል። የምዝገባና የፈቃድ ጉዳዮች የሚታዩት በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 ነው። የሰነዶች መረጋገጥ በአዋጅ ቁጥር 922/2008፣ የግብር ከፋዮች ግዴታዎች ደግሞ በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ይገዛሉ።

ሥራ አስኪያጁ ከማኅበሩ አባላት አንዱ ወይም አባል ያልሆነ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አንድ ማኅበር ከአንድ በላይ ሥራ አስኪያጆች ሊኖሩትም ይችላል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መፈረም ይችሉ እንደሆነ ወይም በጣምራ መፈረም ይጠበቅባቸው እንደሆነ በመመሥረቻ ጽሑፉ በግልጽ መቀመጥ አለበት።

ለውጡ በማን ላይ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና

በማኅበሩ ውስጥ፣ ማለትም በአባላቱና በሥራ አስኪያጁ መካከል፣ ሹመቱ ወይም ስንብቱ የሚጸናው በውሳኔው ላይ ከተመለከተው ቀን ጀምሮ ነው። ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ሰዎችን በሚመለከት ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ዕቃ አቅራቢ፣ አበዳሪ ባንክ፣ አከራይ ወይም ደንበኛ የማኅበሩን ወኪል ማንነት የሚያረጋግጠው ከንግድ መዝገቡ ነው። ለውጡን ያላወቀና በቅን ልቦና ከቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ጋር የተዋዋለ ሦስተኛ ወገን መዝገቡን መሠረት አድርጎ መብቱን ሊጠይቅ ይችላል። አባላቱ «ቀደም ብለን አሰናብተነዋል» በማለት የሚያቀርቡት መከራከሪያ በእርስ በርስ ግንኙነታቸው ዋጋ ቢኖረውም መዝገቡን አምኖ የተዋዋለውን ሰው ለመመለስ በቂ ላይሆን ይችላል።

የፍርድ ቤት መጥሪያም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በድርጅት ላይ የሚቀርብ ክስ መጥሪያ ለድርጅቱ ኃላፊ ወይም በጽሕፈት ቤቱ ይደርሳል። በመዝገብ ያለው ሥራ አስኪያጅ ከሥራ የለቀቀ፣ አድራሻውም የተዘጋ ቢሮ ከሆነ ማኅበሩ ስለ ክሱ ሳያውቅ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይና ሊወሰን ይችላል። ስለዚህ የሥራ አስኪያጅ ለውጥ በሚመዘገብበት ጊዜ የማኅበሩ አድራሻ፣ የስልክ ቁጥርና የኢሜይል አድራሻም ወቅታዊ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ መመሥረቻ ጽሑፉን መመርመር

ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት የማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍና እስከ ዕለቱ የተደረጉ ማሻሻያዎች በሙሉ መነበብ አለባቸው። በተለይ የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

ሀ. የሥራ አስኪያጁ ስም በመመሥረቻ ጽሑፉ ተጠቅሶ እንደሆነ። ስሙ በጽሑፉ ከተጠቀሰ ለውጡ የመመሥረቻ ጽሑፉን ማሻሻልንም ይጨምራል። መመሥረቻ ጽሑፍን ለማሻሻል የሚጠየቀው ድምፅ ለተራ ውሳኔ ከሚጠየቀው ከፍ ያለ ነው።

ለ. ሥራ አስኪያጁ የተሾመው ለተወሰነ ጊዜ እንደሆነና የሥራ ዘመኑ መቼ እንደሚያበቃ።

ሐ. ስብሰባ የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ጥሪው በምን መንገድና ከስንት ቀን በፊት መድረስ እንዳለበት።

መ. ለሹመትና ለስንብት የሚያስፈልገው ድምፅ ስንት እንደሆነ።

ድምፅ የሚቆጠረው በአባላት ብዛት ሳይሆን በድርሻ መጠን መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለምሳሌ ካፒታሉ 300,000 ብር የሆነ ማኅበር ሦስት አባላት ቢኖሩትና ድርሻቸው 150,000፣ 90,000 እና 60,000 ብር ቢሆን፣ መመሥረቻ ጽሑፉም ውሳኔ ከካፒታሉ ከግማሽ በላይ በያዙ አባላት እንዲሰጥ የሚጠይቅ ቢሆን፣ የመጀመሪያው አባል ብቻውን ሥራ አስኪያጁን ማሰናበት አይችልም። ድርሻው ግማሽ እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለምና። ሁለቱ ሌሎች አባላት ተባብረው ቢቆሙም በቁጥር ቢበልጡ እንጂ በድርሻ እነርሱም ከግማሽ አያልፉም። እንዲህ ባለው ማኅበር ለውጡ የሚሳካው በስምምነት ብቻ ስለሆነ አባላቱ ከስብሰባው በፊት መነጋገራቸው አስፈላጊ ነው።

አንድ አባል ብቻ ባለው ማኅበር ስብሰባ አይኖርም። የብቸኛው አባል ውሳኔ በጽሑፍ ይዘጋጅና እንደ ቃለ ጉባኤ ያገለግላል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ መያዝ

አብዛኛው ማመልከቻ ተመላሽ የሚሆነው በቃለ ጉባኤ ጉድለት ነው። የተሟላ ቃለ ጉባኤ የሚከተሉትን ይይዛል፦

1. በንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ላይ እንደሰፈረው የማኅበሩን ሙሉ ስም፣ የምዝገባ ቁጥርና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፤

2. ስብሰባው የተደረገበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፤

3. የተገኙትንና በወኪል የተገኙትን አባላት ሙሉ ስም እስከ አያት፣ እያንዳንዳቸው የያዙትን ድርሻ፤

4. የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ከኃላፊነት የሚነሱበትን ቀንና ምክንያቱን፣ በራሳቸው ፈቃድ ለቀው እንደሆነም ይህንኑ፤

5. የአዲሱን ሥራ አስኪያጅ ሙሉ ስም፣ ዜግነት፣ አድራሻና ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን፤

6. የአዲሱን ሥራ አስኪያጅ ሥልጣን ዝርዝር፤

7. የመመሥረቻ ጽሑፉ የሚሻሻል ከሆነ የሚሻሻለውን አንቀጽ ከነአዲሱ ንባቡ፤

8. ውሳኔውን ለማስመዝገብ የተወከለውን ሰው ስምና የሁሉንም ተሰብሳቢዎች ፊርማ።

የሥልጣን ዝርዝሩ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ማኅበሩን በማናቸውም ጉዳይ ይወክላል» የሚል አጠቃላይ አነጋገር ባንክ ሂሳብ ለመክፈትና ለማንቀሳቀስ፣ ለመበደር፣ ንብረት በመያዣነት ለመስጠት ወይም ለመሸጥ፣ ጠበቃ ለመወከልና ለመታረቅ በቂ ሆኖ ላይቆጠር ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠን ውክልና የአስተዳደር ሥራዎችን ለመፈጸም ብቻ የሚያገለግል ያደርገዋል፤ ከዚህ ያለፉ ተግባራት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ስለዚህ አባላቱ ለሥራ አስኪያጁ ሊሰጡ የፈለጉትን ሥልጣን አንድ በአንድ መዘርዘር፣ ሊሰጡ ያልፈለጉትንም ለይተው ማስቀመጥ አለባቸው።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ቃለ ጉባኤውን ማረጋገጥ

የተፈረመው ቃለ ጉባኤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በፌዴራል የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ በክልሎች ደግሞ ሥልጣን በተሰጠው አካል ቀርቦ ይረጋገጣል። ፈራሚዎች በአካል ወይም በሕጋዊ ወኪላቸው መቅረብ ይኖርባቸዋል። አብረው የሚቀርቡት ሰነዶች የሁሉም ፈራሚዎች የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ቀደም ሲል የተረጋገጠው መመሥረቻ ጽሑፍ ከነማሻሻያዎቹ እንዲሁም የጸና የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ናቸው። በመታወቂያ፣ በመመሥረቻ ጽሑፍና በቃለ ጉባኤ ላይ ያሉ ስሞች በአጻጻፍ ሳይቀር አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የስም ልዩነት ካለ አስቀድሞ ማስተካከል መመላለስን ያስቀራል።

አራተኛው ደረጃ፦ በንግድ መዝገብ ማስመዝገብ

የተረጋገጠው ቃለ ጉባኤ ማኅበሩ ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ይህም እንደ ማኅበሩ ዓይነት የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ ወይም የክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል። የውጭ ባለሀብት ያለበት ማኅበር አገልግሎቱን የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ነው። ማመልከቻው በኦንላይን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አገልግሎት ሥርዓትም ሊቀርብ ይችላል። ለማመልከቻው በአጠቃላይ የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. በማኅበሩ ስም የተሞላና የተፈረመ የለውጥ ማመልከቻ፤

ለ. የተረጋገጠ ቃለ ጉባኤ፣ እንደሁኔታው ከተሻሻለው መመሥረቻ ጽሑፍ ጋር፤

ሐ. የአዲሱ ሥራ አስኪያጅ የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ቅጂና በቅርብ የተነሱት ጉርድ ፎቶግራፍ፤

መ. ነባሩ የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀትና የንግድ ሥራ ፈቃድ፤

ሠ. አመልካቹ ወኪል ከሆነ የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣን ማስረጃ፤

ረ. አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የውጭ ዜጋ ከሆኑ የጸና የሥራ ፈቃድ።

ምዝገባው ሲጠናቀቅ አመልካቹ አዲሱን ምስክር ወረቀት ከመውሰዱ በፊት የሥራ አስኪያጁ ስም በትክክል መጻፉንና አድራሻው መስተካከሉን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የንግድ ሥራ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው። የለውጡን ምዝገባ እስከ እድሳት ወቅት ማቆየት ግን አይገባም። ለውጡ በሚያዝያ ተወስኖ ምዝገባው እስከ ሐምሌ ቢቆይ በመካከሉ ያሉት ወራት ማኅበሩንም የቀድሞውን ሥራ አስኪያጅም ለአደጋ የሚያጋልጡ ናቸው።

አምስተኛው ደረጃ፦ ለሌሎች ተቋማት ማሳወቅ

በንግድ መዝገብ የተደረገ ለውጥ በራሱ ወደ ሌሎች ተቋማት መዝገብ ይተላለፋል ብሎ መገመት አይገባም። አዲሱ ምስክር ወረቀት እንደተገኘ የሚከተሉት ተቋማት በጽሑፍ እንዲያውቁት ይደረጋል።

ባንኮች፦ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የፊርማ ናሙና ተሰርዞ የአዲሱ ይተካል። ያልተጻፈባቸው የቼክ ቅጠሎች ተቆጥረው ይረከባሉ። የሞባይልና የኢንተርኔት ባንክ አገልግሎት የይለፍ ቃሎች ይቀየራሉ። ባንኩ ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ ሂሳቡ እንዲታገድለት ማኅበሩ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል።

የግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፦ በግብር ከፋዩ መዝገብ ያለው የሥራ አስኪያጅ መረጃ ይስተካከላል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብር ማሳወቂያ የመግቢያ መረጃም ለአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ይተላለፋል። የደረሰኝ ጥራዞችና የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያዎች በርክክብ ሰነድ ይያዛሉ።

የጡረታ መዋጮ የሚሰበስበው አካል፦ የግል ድርጅት አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ተቀንሶ፣ ከራሱም 11 በመቶ ጨምሮ መዋጮ የመክፈል ግዴታ አለበት። ርክክቡ በሚደረግበት ወር ይህ ክፍያ ሳይፈጸም እንዳይታለፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሌሎች፦ እንደ ሥራው ዓይነት የጉምሩክ ኮሚሽን፣ የዘርፍ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት፣ አከራይ፣ የመድን ድርጅት፣ ዋና ዋና ዕቃ አቅራቢዎችና ደንበኞች ይገለጽላቸዋል።

በመጨረሻም የማኅበሩ ማኅተም፣ የደብዳቤ ወረቀት፣ የውል ሰነዶች፣ የሂሳብ መዝገቦች፣ የተሽከርካሪ ሊብሬዎችና የኢሜይል መግቢያዎች በዝርዝር ተጽፈው በሁለቱም ወገን ፊርማ ይረከባሉ። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የተለየ የውክልና ሰነድ ተሰጥቷቸው ከነበረ ያ ውክልና ሰነዱ በተረጋገጠበት መሥሪያ ቤት መሻር፣ ሰነዱም ለማኅበሩ መመለስ አለበት። የሥራ አስኪያጅነት ሹመት መሻሩ ቀደም ሲል ለብቻው የተሰጠን ውክልና ከሦስተኛ ወገን እጅ አያስወጣውም።

ተሰናባቹ ሥራ አስኪያጅ ሊያውቁት የሚገባ

ለውጡ በወቅቱ እንዲመዘገብ መከታተል የማኅበሩ ብቻ ሳይሆን የተሰናባቹም ጥቅም ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጁ መሠረት ማኅበሩ ያልከፈለው ታክስ በሕጉ በተመለከቱት ሁኔታዎች ሥራ አስኪያጁን በግል ሊያስጠይቅ ይችላል። ከሥራ ከለቀቁ በኋላ ስማቸው በመዝገብ የቀረ ሰው ለግብር መሥሪያ ቤቱ አሁንም የማኅበሩ ኃላፊ ሆነው ይታያሉ።

ሌላው ትኩረት የሚያሻው ጉዳይ ቼክ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ያስጠይቃል። የሚጠየቀውም ቼኩን የፈረመው ሰው ነው። ተሰናባቹ በማኅበሩ ስም ፈርመው የሰጧቸውና ገና ለባንክ ያልቀረቡ ቼኮች ካሉ ቁጥራቸው፣ መጠናቸውና ተቀባዮቻቸው በርክክብ ሰነዱ ላይ መዘርዘር አለባቸው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅም ቼኮቹ በሚቀርቡበት ቀን በሂሳቡ በቂ ገንዘብ መኖሩን ማረጋገጥ ወይም ከተቀባዩ ጋር ተስማምቶ በአዲስ ቼክ መተካት ይኖርበታል። ተሰናባቹ ለማኅበሩ ብድር የግል ዋስትና ሰጥተው ከሆነም ዋስትናው ከሥራ በመልቀቃቸው ብቻ አይወርድም፤ ለዚህ የአበዳሪው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል።

በራሳቸው ፈቃድ የሚለቁ ሥራ አስኪያጅ የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን ለአባላቱ በሙሉ ሰጥተው የመቀበያ ፊርማ መያዝ አለባቸው። አባላቱ ተተኪ ሳይሾሙ ቢቀሩ ደብዳቤውን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት፣ ለባንኩና ለግብር መሥሪያ ቤቱ በግልባጭ ማሳወቅ ለኋለኛው ጊዜ ማስረጃ ይሆናቸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ መሪዎች በአዋጁ አይሸፈኑም። ስለሆነም የስንብት ክፍያና ካሳን የሚመለከቱ ጥያቄዎች የሚፈቱት በሥራ ውሉና አግባብነት ባለው ሌላ ሕግ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ አባላት

ከአባላቱ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በሌላ አገር የሚኖሩ ከሆነ በስብሰባው በወኪል ሊሳተፉ ይችላሉ። ውክልናው በሚኖሩበት አገር በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ከተሰጠ በኋላ በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይቀርባል። በውክልናው ላይ ወኪሉ በማኅበሩ ስብሰባ ድምፅ መስጠት፣ ሥራ አስኪያጅ መሾምና መሻር፣ መመሥረቻ ጽሑፍን ማሻሻልና ቃለ ጉባኤ መፈረም እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት። ቤት ለማስተዳደር ወይም ገንዘብ ለመቀበል የተሰጠ ውክልና ለዚህ ተግባር አያገለግልም። ሰነዱ ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድ ውክልናው የስብሰባው ቀን ከመቆረጡ በፊት ቢጀመር ይመረጣል።

ልዩ ሁኔታዎች

ሥራ አስኪያጁ በሞት ሲለዩ ወይም በሕመም ምክንያት ሥራቸውን ማከናወን ሲሳናቸው፦ አባላቱ ሳይዘገዩ ተሰብስበው ተተኪ ይሾማሉ። ከማመልከቻው ጋር የሞት ምስክር ወረቀት ወይም የሕክምና ማስረጃ ይያያዛል። ሟቹ የድርሻ ባለቤትም ከነበሩ የወራሽነት ጉዳይና የሥራ አስኪያጅ ሹመት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ወራሽ መሆን ብቻውን ሥራ አስኪያጅ አያደርግም።

የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ማኅተምና ሰነድ አላስረክብም ሲሉ፦ የሹመት ለውጡ የሚመዘገበው በአባላቱ ሕጋዊ ውሳኔ እንጂ በተሰናባቹ ፈቃድ አይደለም። ማኅበሩ በመጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ለባንኮችና ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል፤ ከዚያም ንብረቱን ለማስመለስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

አባላቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ወይም ሁለት የሚቃረኑ ቃለ ጉባኤዎች ሲቀርቡ፦ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የሰነዶችን መሟላት ይመረምራል እንጂ በአባላት መካከል ያለውን ክርክር አይዳኝም። ክርክሩ በፍርድ ቤት ወይም በመመሥረቻ ጽሑፉ በተመለከተው የግልግል መንገድ ይታያል። ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ከሰጠ ምዝገባው በትእዛዙ መሠረት ይቆያል ወይም ይፈጸማል።

ለውጡ ተጠናቋል የሚባለው የአባላቱ ውሳኔ ሲረጋገጥ፣ በንግድ መዝገብ ሲሰፍር፣ ባንክና የግብር መሥሪያ ቤት መዝገባቸውን ሲያስተካክሉ እንዲሁም ርክክቡ በሁለቱ ወገኖች ሲፈረም ነው። ማኅበሩ የእነዚህን አራት ተግባራት ማስረጃዎች በአንድ መዝገብ አደራጅቶ ሊያስቀምጥ፣ ተሰናባቹም የየሰነዱን ቅጂ ሊይዙ ይገባል።